ሄሪኬን የፍሎሪዳ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እዚህ ሮድ አይላንድ ስለ ሄሪኬን፣ ማለትም ከባህር ስለሚነሳው ከባድ አውሎ ነፋስ፣ ስታነሳ "እሱ የፍሎሪዳ ጣጣ ነው" ይሉሃል፣ በጣም ነው የሚያሳስበኝ። እኛ ያለንበትን የአሜሪካ ሰሜን ምስራቅ ጥግ፣ ኒው ኢንግላንድን፣ ለመጨረሻ ጊዜ በቀጥታ የመታው ሄሪኬን ቦብ ነው፣ እሱም እ.ኤ.አ በ1991፣ ስለዚህ አንድ ሙሉ ትውልድ ምንም ሳያይ ነው ያደገው። ግን የሴፕቴምበር 1938ቱ ዳውንታውን ፕሮቪደንስን አጥለቅልቆ በአካባቢው ከ600 ሰው በላይ ገድሏል፣ የድሮው ማርኬት ሀውስ ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበት ምልክት እስካሁን አለ፣ ሄዳችሁ እዩት።

ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ አውሎ ነፋሱ ወደ ሰሜን ሲመጣ ፍጥነት ስለሚጨምር ለመውጣት ጊዜ አይሰጥም። በ1966 ያለቀው የፎክስ ፖይንት ግድብ ደግሞ መሃል ከተማውን ነው የሚጠብቀው፣ ዋርዊክና ናራጋንሴት ባህር ዳር ያለው ሰውስ? የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም፣ የመንግስቱን የጎርፍ ኢንሹራንስ ዛሬ ብትገዛም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምርልህ ከ30 ቀን በኋላ ነው፣ ዜናው ከተነገረ በኋላ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እባካችሁ የሄሪኬን ወቅት የሚጀምርበት ጁን ሳይገባ የመውጫ ዞኖቹን፣ ማለትም አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሰው ለቆ መውጣት ያለበትን ሰፈር የሚያሳየውን፣ ካርታ በትልቁ አትሙልን፣ ቤዝመንት ተከራይተው ለሚኖሩትም እንዲደርስ።

አንድ የፕሮቪደንስ ነዋሪ