እጅ ከማውጣት በወረቀት

ለአዘጋጁ፦

በጎንደር የሠርግና የተዝካር ወጪ ከአቅም በላይ የሚሆነው በፍላጎት ሳይሆን በይሉኝታ ይመስለኛል። አዘዞ ባለው እድራችን ድግስ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ሁሉም ዝም ይላል፤ ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ዕዳውን የማያማርር የለም፣ እኔንም ጨምሮ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመስመሮችን ርዝመት ባስነጻጸረበት ሙከራ፣ ከተሳታፊዎቹ 3/4ኛ ያህሉ ከተመራማሪው ጋር ተስማምተው ሆን ብለው በሁሉም ፊት የተሳሳተ መልስ የሰጡትን ሰዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትለዋል። አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ሲናገር፣ ወይም መልሱ በጽሑፍ ሲሰጥ፣ ተከታይነቱ በእጅጉ ቀንሷል።

ስለዚህ እድሮች የድግስ ወጪ ጣሪያን የመሰለ ጉዳይ እጅ በማስወጣት ሳይሆን ስም በማይጻፍበት ወረቀት ያስወስኑ። ቆጠራውም እዚያው በአባላት ፊት ይሁን።

አንድ የእድር አባል፣ ጎንደር