«ሁሉም ይጨመርበት» ለምትለው ወዳጄ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ለምን ጠፋህ ብዬ አልጀምርም፤ ጥያቄው ዞሮ እኔኑ ነው የሚያገኘኝ። ሥራ መቀየርህን ከሰው ሰማሁ። ዝርዝሩን ግን ካንተ ነው የምፈልገው።

ያስታወሰኝ ነገር በርገር ነው። አትሳቅ! በርገርህን ራስህ የምታዋቅርበት ቤት ገብቼ ነበር። ቁጭ እንዳልክ ወረቀትና እርሳስ ይሰጡሃል። ዳቦውን፣ ስጋውን፣ ቺዙን፣ ማባያውን፣ ሶሱን እየመረጥክ ምልክት ታደርጋለህ። ከታች የቢራው ዝርዝር አለ። ወረቀቱን ሳየው አንተ ትዝ አልከኝ። ምን ምን እንዳለ እንኳ ሳትጠይቅ «ሁሉም ይጨመርበት» ትል ነበር እኮ።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በርገር ኪንግ የተባለው የአሜሪካ በርገር ቤት «እንደፈለግከው ይሁንልህ» የሚል ማስታወቂያ ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በ1979 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንቶኒዮ ላይ የተጀመረው ፈድረከርስ የተባለ ሌላ በርገር ቤት ማባያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ደንበኛው በገዛ እጁ እንዲያነሳ አደረገ። ወረቀትና እርሳሱ የዚያው ሐሳብ ቀጣይ ነው።

ቁጥሩን ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ፤ ታውቀኛለህ። አሥር ዓይነት ማባያ ብቻ ቢኖር፣ እያንዳንዱን «ይግባ» ወይም «ይቅር» እያልክ 1,024 ዓይነት በርገር ይወጣል። በዚያ ላይ አራት ዓይነት ዳቦ፣ አራት ዓይነት ስጋና አምስት ዓይነት ቺዝ ጨምርበት። 81,920 ይደርሳል። ገና ሶስ አልነካንም! አብዛኞቹ የሚበሉ አይመስለኝም።

ምርጫ ሲበዛ ሰው ይፈዛል የሚለውን ሰምተህ ይሆናል። ሺና አየንጋር እና ማርክ ሌፐር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ 24 ዓይነት ማርማላታ ከቀረበላቸው ሰዎች የገዙት 3 በመቶ ያህሉ ነበሩ። 6 ዓይነት ብቻ ከቀረበላቸው ግን 30 በመቶው ገዙ። በኋላ ከሞከሩት አንዳንዶቹ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ እንደ ሕግ አትያዝብኝ። እኔ ግን እርሳሱን ይዤ ስፈዝ ራሴን አይቻለሁ።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንዳንዱ ቤት የወጥ ቤቱን ኃላፊነት ባንተ ላይ ይጥላል። ካልጣፈጠህ ጥፋቱ የመራጩ ነው፤ አንተው ነህ ያልከው። ደህና ቤት ግን ከወረቀቱ ጥግ «እኛ ብንሆን ይህን እንመርጣለን» የሚል አንድ መስመር ይጽፋል። እንዲህ ያለውን ቤት አምነዋለሁ።

አሁን ምክሬን ስማ። ከማባያው አትጀምር፤ ከስጋው ጀምር። ለበርገር የሚሆን የተፈጨ ስጋ ከአምስት እጅ አንዱ ስብ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ይደርቃል። ጨው ከስጋው ጋር ቀድሞ ከታሸ ፕሮቲኑን ያጣብቀውና በርገሩ እንደ ቋሊማ ድርቅ ይላል። ጨው የሚነሰነሰው ሊጠበስ ሲል ነው፣ ያውም ላዩ ላይ ብቻ። ስጋውን በጋለ ብረት ላይ ጠፍጥፈው የሚጠብሱ ከሆነ ያንን ምረጥ። ዳርና ዳሩ ቡናማ ሆኖ ይንጣጣል፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው።

«ውስጡ ቀይ ይሁንልኝ» የምትለውን ነገር ግን ተው። ሙሉ ቁራጭ ስጋ ሲሆን ባክቴሪያው ያለው ባብዛኛው ላዩ ላይ ስለሆነ እሳቱ ይጨርሰዋል። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለተፈጨ የበሬ ስጋ የሚመክረው መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ነው።

ቺዝ ላይ እንደምንጣላ አውቃለሁ። አንተ ስሙ የከበደውን ትመርጣለህ። እኔ በየቁራጩ የሚታሸገውን ርካሹን እመርጣለሁ። ውስጡ ያለው ልዩ ጨው (የገበታው ጨው አይደለም) ስቡና ውሃው እንዳይለያዩ ስለሚያደርግ ቅባቱን ሳይተፋ ልስልስ ብሎ ይቀልጣል። የቆየ ደረቅ ቺዝ ጣዕሙ ይበልጣል፤ ሲሞቅ ግን ዘይቱ ለብቻው ይወርዳል።

ዳቦው ውስጡ በቅቤ ይጠበስ። ካልሆነ በሁለት ጉርሻ ይርሳል። ከዚህ በኋላ ሽንኩርት፣ የኮመጠጠ ኪያር፣ አንድ ሶስ። በቃ! ቲማቲም የምትጨምር ከሆነ ሌላ እርጥብ ነገር አትጨምር። አቮካዶም፣ እንቁላልም፣ እንጉዳይም ካልክ አፍህ የማይችለው ክምር ይሆንና በሹካ ትበላዋለህ። በሹካ የሚበላ በርገር ደግሞ… እንተወው።

ቢራውን መጨረሻ ላይ አትምረጥ። ከቺዙ ጋር አብረህ አስበው። ቺዝና ሽንኩርት ብቻ ከሆነ ቀለል ያለ ላገር፣ ያ የተለመደው ቢጫ ቢራ ይበቃል፤ ጋዙ ስቡን ከምላስህ ያነሳዋል። ስጋው በደንብ ቡናማ ከሆነ ጥቁሩን ስታውት ሞክር፤ የሚጠመቅበት የተቆላ ገብስ ከተጠበሰው ስጋ ጋር ይግባባል። በሆፕስ (ቢራን በሚያመርረው አበባ) የመረረ ቢራ ለሰባ በርገር ጥሩ ነው። ቃሪያ ካበዛህ ግን አትንካው፤ ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ብርጭቆው በረዶ የሆነውንም አልወድም። በጣም ሲቀዘቅዝ የምትጠጣው ቅዝቃዜውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። ከጎኔ ያሉት ጠረጴዛዎች ስልካቸውን አስቀምጠው በወረቀቱ ላይ ይከራከሩ ነበር። አንዱ የሌላውን ምርጫ ይሰርዛል፣ ሌላው እርሳሱን ይነጥቃል። እዚያ መሃል ብቻዬን መቀመጤ ከበደኝ። አንተ ብትኖር ኖሮ ስንት ጊዜ በተጣላን!

እናትህን እጅ ንሳልኝ። መቼ እንደሚመችህ ጻፍልኝና ቀን እንቁረጥ። የመጀመሪያው ድራፍት በእኔ ነው። ከአምስት ምልክት በላይ ካደረግክ ግን ሂሳቡን አንተ ትከፍላለህ።

ያንተው ወንድም