ሐኪሙን ሥራ አስኪያጅ ከማድረጋችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአገራችን ሐኪም ወደ አስተዳደር የሚገባው ብዙውን ጊዜ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ የዋና ሥራ አስኪያጅነቱን ቦታ በተጠባባቂነት ደርበው እንዲሠሩ ተመድበዋል» ይላል። ከታች ፊርማና ማኅተም አለ። ሥልጠና የለም። ርክክቡም የቢሮ ቁልፍ ከመቀበል ብዙም አያልፍም። ትናንት ማታ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ዛሬ ጠዋት በጀት፣ ግዥና የሠራተኛ ጉዳይ ይጠብቀዋል። እኔም የገባሁት በዚሁ በር ነው፤ ዛሬም ሥራው ላይ ነኝ። ሥራውን እወደዋለሁ። አገባቡ ግን ሐኪሙንም ሆስፒታሉንም እየጎዳ ነው።

ሕክምና ስንማር የተማርነው ፊታችን ያለውን ታካሚ ማየት ነው። አስተዳደር ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣውን ታካሚ ዛሬ ማሰብ ይጠይቃል። የቀዶ ሕክምና ክር አለቀ እንበል። ለሐኪሙ መልሱ ቀላል ነው፦ ከግል አቅራቢ ይገዛ። ሥራ አስኪያጁ ግን በቅድሚያ ዕቃው በመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ዘንድ እንደሌለ ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ከዚያ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ግዥ ያወዳድራል፣ ፋይናንስ ይከፍላል። ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን ክፍል ይደርሳል። እስከዚያ ታካሚው ቀጠሮው ይራዘማል፤ ወይም ቤተሰቡ ከተማውን ዞሮ ክሩን ራሱ ይገዛል። አዲስ የተሾመ ሐኪም ይህን ሁሉ ወረቀት ሆን ተብሎ የተጎነጎነ ሸር አድርጎ ያየዋል። አንዱን ደረጃ ዘሎ የገዛ ደግሞ ውሎ አድሮ ኦዲተር ፊት ይቆማል።

ነገሩ የተበላሸው ግን ክሩ ባለቀበት ቀን አይደለም። ጤና ተቋማት በየሁለት ወሩ የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ሪፖርትና መጠየቂያ ይልካሉ። የሚጠየቀው መጠን የሚሰላው ካለፈው ፍጆታ ነው። ክሩ ለሳምንታት ጠፍቶ ከነበረ ፍጆታው ወረቀት ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል። ዕቃው ያልነበረባቸው ቀናት በትክክል ካልተመዘገቡና ካልታሰቡ ቀጣዩ ጥያቄም ያንሳል። በዚህ ዓይነት አንዱ እጥረት ሌላውን ይወልዳል። ስንት ሰው ሳይታከም እንደተመለሰ የሚያውቀው ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) እና ኦፕራሲዮን ክፍል ያለው ባለሙያ ነው፤ ቅጹን የሚሞላው ግን ፋርማሲው ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ነው። ስብሰባው ሲጠራ እኛ ሐኪሞች «ኬዝ አለብኝ» ብለን እንቀራለን። ሐኪም አስተዳደር ውስጥ መግባቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከዋርድ የመጣ ሰው የዋርዱን እውነት ወደዚያ ቅጽ ሊያስገባው ይችላል። ግን ቅጹ መኖሩን ከመሾሙ በፊት ማወቅ አለበት።

በጀቱም እንደዚሁ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ሆስፒታሉ ከታካሚና ከጤና መድን የሚያገኘው የውስጥ ገቢ ግን እዚያው ይቀራል፣ በቦርድ ጸድቆም ለአገልግሎት ማሻሻያ ይውላል። ሚያዝያ ላይ የተሾመ ሐኪም ይህን ልዩነት እስኪረዳ ዓመቱ ያልቅበታል። ሰኔ ላይ የሚታየው ጥድፊያና የማይፈለግ ዕቃ ክምችት ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ እታገሥ ነበር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንኖችን ያሠለጠነው በሽተኛ እንዲያክሙም ጤና ጣቢያ እንዲመሩም ነበር። ማከምና መምራት ከመጀመሪያው አንድ ላይ ታስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ጤና ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር የሆስፒታል አመራርን ለማሻሻል ሠርቷል። በጅማ ዩኒቨርሲቲም ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች የማስተርስ ትምህርት ተጀመረ። የትምህርቱ አሰጣጥ ብልህ ነበር፦ ሥራ አስኪያጁ ሆስፒታሉን እየመራ ይማራል፣ የተማረውን እዚያው ይሞክራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያም ወጣ። እናም መንገዱን እናውቀዋለን። ዛሬም በተጠባባቂ ደብዳቤ መሾማችን ለዚህ ነው የሚያሳዝነኝ።

ሐኪም ያልሆነ ሆስፒታል መምራት የለበትም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ሜትሮኗ፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊዋ፣ የሆስፒታሉን ሌሊት ከማንኛችንም በላይ ታውቃለች። ፋርማሲስቱ ገንዘቡ የት እንደሚባክን ያያል። ቦታው ለነሱም ክፍት መሆን አለበት። ይልቅ የሚያሳስበኝ ጥሩ ቀዶ ሐኪምን «ጎበዝ ነው» ብለን ወንበር ላይ ማስቀመጣችን ነው። ያንን እጅ ለማሠልጠን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ለዕድገትና ለተሻለ ጥቅም ያለው መንገድ ቢሮ ብቻ ከሆነ፣ ታካሚው ጎበዝ ሐኪም ያጣል፤ ሆስፒታሉም ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ማግኘቱ ዋስትና የለውም።

ሌላም ብዙ የማይወራ ነገር አለ። ከባልደረባ ጋር ያለው ግንኙነት ባንድ ጀምበር ይለወጣል። አብረውህ ሻይ የሚጠጡት ስትገባ ወሬ ያቋርጣሉ። የተረኝነት ክፍያ ሲዘገይ ጥያቄው ወደ አንተ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2025 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አደባባይ ሲወጣ፣ ጥያቄው የራሳችንም የሆነ ሥራ አስኪያጆች ሥራ እንዳይቋረጥ የማድረግ ኃላፊነት ነበረብን። ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ማንም አላዘጋጀንም። ከሠራተኛ ጋር መነጋገር፣ ቅሬታ መስማት፣ «አይሆንም» የሚለውን ሰው ሳያዋርዱ መናገር ትምህርት ይፈልጋል። ጨዋነት ብቻውን አይበቃም።

ለጤና ቢሮዎች ያለኝ ጥያቄ ከባድ አይደለም። ሹመቱ ቢያንስ ከአንድ የበጀት ሩብ ዓመት በፊት ይታወቅ። ተሿሚው ከነባሩ ሥራ አስኪያጅ ጎን ሆኖ ግዥውን፣ የቦርድ ስብሰባውንና የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አብሮ ይሥራ። በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ታካሚ እንዲያይ ይፈቀድለት፤ ከዋርድ የራቀ ሐኪም ሥራ አስኪያጅ የተሾመበትን ምክንያት ያጣል። የሥራ ዘመኑ የተወሰነ ይሁን፣ ሲያበቃም ደረጃው ሳይነካ ወደ ሕክምናው የሚመለስበት መንገድ ይኑር። መመለስ እንደ ውርደት በሚታይበት ቦታ ሰዎች ቢደክማቸውም ወንበሩን አይለቁም።

ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ባልደረባ ካለ ደግሞ፣ እባክህ ከመፈረምህ በፊት ያለፈውን ዓመት የኦዲት ግኝት፣ የተከፋይ ዕዳውን ዝርዝርና ጤና መድን ለሆስፒታሉ ያልከፈለውን ሂሳብ አሳዩኝ በል። ስለ ሥልጠናውና ስለ መመለሻህ የሚነግሩህንም በቃል አትቀበል፤ በጽሑፍ ይሰጥህ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል በአስተዳደር ላይ ያለ ሐኪም