የደረቀው ዋንዛ

ጎንደር፣ ኅዳር 14 ቀን

ለውድ ወንድሜ ለይርጋ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤህን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልመልስ የቆየሁት ከስንፍና ብቻ አይደለም፤ በፖላንድ ያለውን ጥንታዊውን የቢያሎቪዬዣን ደን አይተህ የጻፍህልኝ በደረሰኝ ሰሞን የምጸጸትበትን ሥራ ሠርቼ ስለ ነበር ነው።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጥላው ሥር የምናርፍበትን የደብራችንን ትልቅ ዋንዛ አትረሳውም። ደርቆ ቆሞ ሳለ፣ «ወድቆ ሰው ሳይጎዳ ተሸጦ ለቅጽሩ ግንብ ይዋል» ሲባል፣ በሰበካ ጉባኤው እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ግንዱ ሲጣል ግን ከቀዳዳው ውስጥ ላባ ያላወጡ የበቀቀን ጫጩቶች ተገኙ። ያች ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን የትውልድ አገሯ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ የጽድ ፍሬና ሾላ ስትለቅምም አይቻታለሁ። የምትፈለፍለው በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ መሆኑን ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወውን ወይም ግንዱ በእርጅና ሲበሰብስ የተከፈተውን ቀዳዳ ካላገኘች መግቢያ የላትም። ባሕር ዛፉ እንደሆነ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቆረጥ ለዚያ ዕድሜ አይደርስም፤ በየክረምቱ የምንተክለው የዋንዛ ችግኝም ቤት የሚሆናት የልጅ ልጆቻችን ሲሸብቱ ነው።

ደብዳቤህን አሁን ደግሜ ሳነበው፣ የወደቀ የባሉጥ ዛፍ ሳይነሣ እዚያው ይበሰብሳል፣ ጀርባው ነጭ የሆነው ግንደ ቆርቁርም ከደረቁት ቅጠል አርጋፊ ዛፎች ትል እየለቀመ ይኖራል ያልኸኝ ገባኝ። ጥንዚዛ ደኑን ፈጀው ተብሎ በ2016 እ.ኤ.አ. ቆረጣው ሲበረታ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 ሕግ ተጥሷል ብሎ እስከ መፍረድ ደርሷል። እኛ ለዚህ ፍርድ ቤት አያስፈልገንም፤ ቄሰ ገበዙን ማሳመን ይበቃናል፣ እርሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

አሁን በቅጽሩ ደቡብ በኩል አንድ ያረጀ ብሳና መድረቅ ጀምሯል፤ ጉዳዩም ከጥምቀት በኋላ ለጉባኤው ይቀርባል። እዚያ ቢያሎቪዬዣ ያሉት የደን ጠባቂዎች በመንገድ ዳር የቆመውን ደረቅ ዛፍ እንዴት እንደሚያደርጉት፣ ቅርንጫፉን ብቻ ይቆርጡ እንደሆነ ወይም መንገዱን ያዞሩ እንደሆነ፣ ጠይቀህ ከዚያ በፊት ጻፍልኝ።

ወንድምህ፣
መኮንን