ቀሽሙን ሰውዬ አታርሙብን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ አዳዲሶቹን የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች «ቁም ነገር የሌላቸው» ብለው ወቅሰዋል። ገጸ ባሕርያቱ ይዋሻሉ፣ ይፈራሉ፣ ይቀባጥራሉ፤ ልጆቻችን ከእነሱ ምን ይማራሉ ነው ነገሩ። እኔ የምወዳቸው ለዚሁ ነው።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቴሌቪዥኗ ፍሪጁ አናት ላይ ናት። ለራሴ ነበር ያስቀመጥኳት፤ አሁን የብሎኩ ሆናለች። ማታ ኮሜዲ ሲጀምር ዳቦ ሊገዛ የመጣው ዳቦውን ይዞ ይቆማል። አንድ ሲጋራ ብሎ የመጣው ሲጋራውን ጨርሶም አይሄድም። መብራት ከጠፋ ደግሞ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ሌላው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ ማን በምን እንደሚስቅ አያለሁ።

የብሎካችን ጥበቃ ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። ድሮ ኮሜዲ ሲባል የሚሳቅበት እሱ ነበር። ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ከተማ ገብቶ ግራ የገባው። በደረጀና ሀብቴ እየሳቅኩ ያደግኩ ነኝ፤ እነሱን የሚነካብኝ የለም። ከእነሱ በኋላ የመጣው ብዙው ቀልድ ግን የሰው አነጋገር ከማስመሰል አላለፈም። እንዲህ ዓይነቱ ሲመጣ ጥበቃውም ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

አሁን የሚሳቅበት ሌላ ሰው ነው። ዲግሪ ያለው፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣ ግን «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ማውጣት የሚያቅተው። ሚስቱን እየፈራ ጓደኞቹ ፊት የሚፎክር። ሂሳብ ሲመጣ ስልክ የሚደወልለት። ይኼ ሰውዬ ብቅ ሲል ጥበቃችንን ብታዩት! በሩን ይዞ ነው የሚስቀው። አንድ ማታ ከጎኑ የቆሙት የኮሚቴ ሰብሳቢያችን ነበሩ። ስለ ውሃ ፓምፕ መዋጮ ማውራት ከጀመሩ የማያበቁ ሰው ናቸው። ቴሌቪዥኑ ላይም ልክ እንደሳቸው ያለ ሰብሳቢ ሰውን ሁሉ እያደነቆረ ነበር። እሳቸው አልሳቁም። «እህቴ፣ ይኼ ሰውዬ አበዛው» ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሁሉ ቀድመው መጥተው የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

በትልቅ ሰው መሳቅ ቀላል አይደለም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምራለች፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲ መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። አውሬዎቹ የጊዜውን ሹማምንት ይነካኩ ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በፋና ይታይ የነበረው «ምን ልታዘዝ»ም ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ስለ አገር ነበር የሚያወራው። በዘበኛ መሳቅ ግን ማንንም አስከፍሎ አያውቅም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር እኛም አማርኛ በሚናገሩት የቱርክ ቆንጆዎች ሰክረን ነበር። ሲያለቅሱ እንኳ ኩላቸው አይበላሽም። አልጠላኋቸውም፤ ግን ሱቄ መጥቶ በዱቤ ዘይት የሚወስድ የሚመስል አንድ ሰው አልነበረባቸውም።

እኛ እዚህ በዕጣ የተገናኘን ሰዎች ነን። አንዱ ከካዛንችስ፣ አንዱ ከመርካቶ። በድሮው ሰፈር የማን ባል ወረኛ፣ የማን ልጅ ዱርዬ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም ማንንም አይሸውድም። እዚህ ግን በር ዘግተን፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ማን ቀድሞ ሰላም ይበል ብለን እንፋጠጣለን። አንዳንዱ የሰው ኮቴ ሲሰማ ቁልፉ የጠፋበት ይመስል ኪሱን ይዳብሳል። ኮሜዲው ላይ ይኼንኑ ሲያዩ ነው ጎረቤቶቼ እርስ በርስ ተያይተው የሚስቁት።

እኔም ቅሬታ አለኝ። የተቀዳው ሳቅ ይቅር፤ መሳቂያውን ራሳችን እናውቃለን። በወሬ መሀል ድንገት ስለ ቀለም ጥራት ማውራት የሚጀምር ገጸ ባሕርይም ይቅር። ከሁሉ የሚብሰው ግን መጨረሻው ነው። ቀስ ያለ ሙዚቃ ይገባል፣ አንድ ሽማግሌ ይመክራሉ፣ ውሸታሙ ይጸጸታል፣ ሰነፉ ይታረማል። ደንበኞቼ ሂሳባቸውን ከፍለው የሚሄዱት ያኔ ነው። ሥራዬን ያፋጥንልኛል፣ እውነት ነው። ግን ስንት ዓመት ሲቀባጥር የኖረን ሰው በሁለት ደቂቃ ምክር የቀየረ ማን አለ? የኮሚቴ ሰብሳቢያችን እንኳ ሁሉንም ክፍል አይተው መዋጮውን ዛሬም እንደዚያው ነው የሚያብራሩት። ደራሲያን ሆይ፣ ቀሽሙን ሰውዬ እንደ ቀሽምነቱ ተዉልን። ነገም እንዲመጣ እንፈልጋለን።

አንድ ሰው ግን እስካሁን ይጎድላል፤ የኮንዶሚኒየም ባለሱቅ። መልስ ሲጠፋ ማስቲካ የምትሰጥ፣ የሁሉንም ዱቤ በደብተር ይዛ «እኔ የሰው ጉዳይ አላወራም» እያለች ለሁሉም የምታወራ። ደራሲያኑ አንድ ቀን ከመጡ ደብተሩን አሳያቸዋለሁ።

ባለሱቋ፣ ከየካ አባዶ