ውርጩ ሳያልፍ አትትከዪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በችኮላ ያስጻፈኝ ወንድምሽ ትናንት የነገረኝ ነገር ነው፤ ዴንቨር ጥቂት ቀን ስለ ሞቀ፣ ገና ኤፕሪል ሳይጋመስ የላክሁልሽን እንደ ሽንኩርት ያሉ የአበባ ራሶች ከካርቶን አውጥተሽ ጓሮውን መቆፈር ጀምረሻል አለኝ። እባክሽ ልጄ፣ ውርጩ ሳያልፍ አትትከዪ። ለእኛ ለሜሪላንድ የሚሆነው ቀን ለአንቺ አይሆንም፤ ዴንቨር በሜይም በረዶ የሚጥልበት ከፍታ አገር ስለሆነ፣ ነዋሪዎቹ የእናቶች ቀን ሳያልፍ ብርድ የማይችል ተክል መሬት አያስነኩም።

አያትሽ ውርጭን ከሰማዩ ያውቁት ነበር። ደብረ ብርሃን በጥቅምትና በኅዳር ምሽቱ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ሲል ደጅ ቆመው ሽቅብ ያዩና «ዛሬስ ይመታናል» ይሉ ነበር። አንድ ዓመት አበባ የያዘው ባቄላችን በአንድ ሌሊት ተመትቶ አደረ። በማለዳ ተከትያቸው ስወርድ ተዳፋቱ ላይ ያለው ደህና ነበር፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅታ ስለሚወርድ ግን ሜዳው ላይ ያለው ጠቁሮ፣ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተኝቷል። አንዱን አገዳ በጥፍራቸው ሰንጥቀው ውስጡን አዩና፣ ምንም ሳያማርሩ፣ ከተዳፋቱ ላይ ለዘር የሚሆነውን ለብቻ እንድናቆይ አዘዙን። ያንቺን ጓሮ ሳያዩ ማለፋቸው እስከ ዛሬ ሆዴን ይበላዋል። አንቺም እንደዚያ ሜዳ ቀዝቃዛ አየር የሚወርድበትን፣ በአጥርሽ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ተዪው፤ እዚያ ምንም አትትከዪ።

በካርቶኑ ላይ አቢሲኒያን ግላዲዮለስ የሚለው፣ ነጋዴዎች አሲዳንቴራም የሚሉት፣ ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ በዱር የሚበቅል የአገራችን አበባ ነው። ነጭ ሆኖ እምብርቱ ጥቁር ሐምራዊ ነው፤ ሽታው ሲመሽ የሚበረታው ረጅም ምላስ ያላቸውን የእሳት ራቶች ስለሚጠራ ነው። ሜይ ከተጋመሰና አፈሩ ከሞቀ በኋላ፣ ፀሐይ የሚያገኝና ውኃ የማይቋጥር ቦታ ላይ፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርገሽ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቂው፤ በኦገስት መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር ያብባል። ከዚያ በፊት ግን፣ ደግሜ እልሻለሁ፣ ውርጩ ሳያልፍ አትትከዪ።

በካርቶኑ ውስጥ ያለው ሌላው አበባ፣ ቱቤሮዝ የሚባለው፣ የሜክሲኮ ተክል ስለሆነ ረጅም የሙቀት ጊዜ ይፈልጋል። እሱን ብቻ አሁኑኑ ቤት ውስጥ በአበባ ማሰሮ ተክለሽ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አኑሪው፤ ቡቃያው እስኪወጣ ውኃ አታብዢበት።

ሊሊ የሚባለውን አበባ ማዘዝሽንም ሰምቻለሁ። ብርድ ይችላል፣ ሽታውም ግሩም ነው፤ ነገር ግን ድመትሽ ካለችበት ቤት ጋር አይሄድም። ከአበባው ላይ የሚረግፈውን ብናኝ ከፀጉሯ ላይ ብትልሰው እንኳ ኩላሊቷን አበላሽቶ ይገድላታል። ዛሬውኑ መልሺው፤ በዚህ ላይ ክርክር አልፈልግም።

የላክሁልሽ አበባ አብቦ ካለፈ በኋላ ቅጠሉን አትቁረጪ፤ ከአፈር ሥር ያለው ራስ ለከርሞ የሚሆነውን ስንቅ የሚሰበስበው በእሱ ነው። የመጀመሪያው ውርጭ ቅጠሉን ሲያጠቁረው ራሶቹን ቆፍረሽ አውጪ፣ አፈሩን አራግፊ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አድርቂና በወረቀት ከረጢት አድርገሽ ቤዝመንት አስቀምጪ፤ መሬት ውስጥ ቢከርሙ የዴንቨር ብርድ አያተርፋቸውም።

እስከዚያው ካርቶኑን ወደ ቤት መልሺው፤ ጋራዥ ውስጥ አይደር። እሑድ ስደውል የለሰለሰ ወይም የሻገተ ራስ ካለ አይተሽ ንገሪኝ፣ ሌላ እልክልሻለሁ።

እናትሽ