ጥቂት ጥያቄና አንድ ወረቀት፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዘር የሚተላለፍ የሜታቦሊዝም (ሰውነት ምግብንና መድኃኒትን የሚያብላላበት ሂደት) ችግር ላለባቸው አዋቂዎች የሚደረገውን የሰመመን ጥንቃቄ ይመለከታል

የአንስቴዥያ (የሰመመን ሕክምና) ባለሙያ ነኝ። የምጠይቀው ጥቂት ጥያቄና አንድ ወረቀት ነው።

ሳክሳሜቶኒየም የተባለውን ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ሁላችንም እንጠቀምበታለን። በደም ውስጥ ያለ ኢንዛይም ስለሚሰባብረው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆይም። ኢንዛይሙ በዘር የጎደለው ሰው ግን ቀዶ ሕክምናው አልቆ፣ ቁስሉ ተሸፍኖ፣ ለሰዓታት በራሱ መተንፈስ ያቅተዋል። የሰመመኑ መድኃኒት ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ታካሚው የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ የዓይኑን ሽፋሽፍት እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም። መፍትሔው እንደ ተኛ ማቆየትና እስኪለቀው ትንፋሹን ማገዝ ነው። የመተንፈሻ ማሽን (ቬንቲሌተር) ከሌለ አምቡ ባግ የተባለውን አየር መግፊያ ከረጢት በእጅ እየጨመቁ ማንጋት ነው።

ይህ ሁሉ በሰመመን ቅጹ ላይ ይጻፋል። ቅጹ ካርድ ክፍል ይቀራል፤ ታካሚው የቁስል ማጠቢያ ቀጠሮ ብቻ ይዞ ይወጣል። በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ከተማ፣ ያንኑ መድኃኒት ይወጉታል። ወንድም እኅቶቹም እንዲጠነቀቁ የሚነግራቸው የለም።

ፖርፊሪያም በዘር የሚተላለፍ ሌላ የኢንዛይም ችግር ነው፤ አንዳንድ ዓይነቶቹ ያሉበት ሰው ቲዮፔንታል የተባለውን የሰመመን መድኃኒት ቢወጋ ለብርቱ የሆድ ሕመም፣ አንዳንዴም ለሽባነት ይዳረጋል፤ ፕሮፖፎል የተባለው ሌላው የሰመመን መድኃኒት ግን ይስማማዋል። ጉበቱ ያከማቸውን ስኳር መልቀቅ የማይችል ሰው ደግሞ «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» መባሉ ብቻ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ለእሱ ከጾሙ መጀመሪያ አንሥቶ ግሉኮስ ይሰቀልለት፤ እጃችን የለመደው ሪንገር ላክቴት የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አይሆነውም። ግሉኮስ ደግሞ ብርቅ መድኃኒት አይደለም።

ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር የምንቆጥር ሰዎች፣ ለቀዶ ሕክምና ሲሆን የወንድምን ታሪክ እንኳ በወረፋ ግፊት እንዘለዋለን።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ በቅድመ ሰመመን ቅጽ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች አስገዳጅ ያድርግ፦ ከቤተሰብዎ ሰመመን የጎዳው ሰው አለ? ምግብ ሲቆይብዎ ራስዎን ይስታሉ? ምክንያቱ ያልታወቀ ብርቱ የሆድ ሕመም ይመላለስብዎታል? በሰመመን ችግር የገጠመው ታካሚም የመድኃኒቱ ስም በሚያነበው ቋንቋና በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ሳይሰጠው ከሆስፒታል እንዳይወጣ መመሪያ ይውጣ። የኢንዛይም ምርመራ በየሆስፒታሉ እስኪዳረስ መጠበቅ አያስፈልግም።

ቅጹን ለማርቀቅ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአንስቴዥያ ባለሙያ